የምላስ ቋጠሮ፦ ከነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እስከ ቤታችን ማዕድ



አርባ ምንጭን የምታውቁ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወስደውን ቁልቁለት ታስታውሳላችሁ። በዚህ መንገድ በሚመላለስ ባጃጅ ውስጥ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ተቀምጧል እንበል። ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ መድረሳ እየሄደ ነው። መውረጃው ሲቃረብ «ወራጅ አለ» ማለት አለበት። ሁለት ቃል ብቻ ናት። ልጁ ግን ገና «ወ» ላይ ይያዛል። ከንፈሩ ይሾላል፤ አንገቱ ይገተራል፤ ድምፅ አይወጣም። ባጃጁ መድረሳውን አልፎ ይሄዳል። ልጁ ሌላ ተሳፋሪ «ወራጅ» እስኪል ይጠብቅና አብሮ ወርዶ የመጣበትን መንገድ በእግሩ ይመለሳል። መድረሳ ሲደርስ ዘግይቷል። ኡስታዙ «ለምን ዘገየህ?» ይሉታል። ይህንንም መመለስ አይችልም። ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ንቀት ይቆጠርበታል።

ይህ ልጅ እከሌ የሚባል አንድ ልጅ አይደለም። ምሳሌ ነው። ነገር ግን ከመካከላችሁ «ይህስ የእኔ ልጅ ነው» ወይም «ይህስ እኔ ራሴ ነኝ» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አንጠራጠርም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንድ ገደማ የሚሆነው ሲናገር ይንተባተባል። ስለዚህ ነገሩ በየሰፈሩ፣ በየክፍሉ፣ በየመድረሳው አለ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ በታሪካችን ውስጥ ምላሳቸው የተቋጠረባቸው ሰዎች ምን ገጠማቸው? ያነሷቸውስ፣ የጣሏቸውስ እነማን ናቸው?

አንደበት የሚመዘንባት አገር

አገራችን ንግግር አዋቂን ታከብራለች። በጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» ተባብለው የሚከራከሩ ባለጉዳዮች በቃላት አሰካካቸው ዳኛውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን የቆመውንም ሕዝብ ያስደምሙ ነበር። ፍሬ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ አንደበቱ ያልፈታለት ሰው ግን መሬቱንም ክብሩንም ይዞ ላይመለስ ይችላል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረትም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። መናገር ሹመት ነበር፤ አለመናገር ደግሞ መቅረት።

ይህ አመለካከት ከፍርድ አደባባይ ወደ ቤታችን ገብቷል። እንግዳ ሲመጣ «ና፣ ቁርኣን ቅራላቸው» የምንለው ፈጣኑን ልጅ ነው። የሚንተባተበው ውሃ እንዲያስታጥብ ይላካል። ልጁም ይህን ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ማስታጠብ የእርሱ ሥራ፣ መናገር ደግሞ የወንድሙ ሥራ ይሆናል።

ከፊርዐውን ፊት የቆሙት ነቢይ

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ ሳንጨምር በቁርኣን ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የተነሳው ነቢይ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ናቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ወደ ምድር ሁሉ ኃያል ወደ ፊርዐውን ሲልካቸው ምን እንደ ጠየቁ በሱረቱ ጣሃ (20፡25-32) እናነባለን። ጦር አልጠየቁም፤ ሀብትም አልጠየቁም። ደረታቸው እንዲሰፋ፣ ጉዳያቸው እንዲገራ፣ ከምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታና ንግግራቸው እንዲገባቸው ለመኑ። ቀጥለውም ከቤተ ሰባቸው ረዳት፣ ወንድማቸውን ሃሩንን ጠየቁ።

በሱረቱ አሽ-ሹዐራእ (26፡12-13) ደግሞ ስሜታቸውን ሲገልጹ እናገኛለን፦ ያስተባብሉኛል ብለው ይፈራሉ፤ ደረታቸው ይጠብባል፤ ምላሳቸውም አይፈታም። ውድ አንባቢያን፣ በሰው ፊት ለመናገር ፈርቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚመጣው የሰውን ማስተባበልና መሳቅ መፍራት ነው። ከዚያ ደረት ይጠብባል። መጨረሻ ላይ ምላስ ይያዛል።

የተፍሲር ሊቃውንት ቋጠሮው ከምን እንደ መጣ ሲያወሱ፣ ሙሳ በሕፃንነታቸው በፊርዐውን ቤት ፍም አንስተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ የሚለውን ትረካ ያነሳሉ። ዋናው ቁም ነገር ግን የቋጠሮው ምንጭ ሳይሆን የልመናው መጠን ነው። ሐሰን አል-በስሪ እንዳመለከቱት ሙሳ የጠየቁት አንድ ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ነው። ኢብኑ ከሲርም ይህንኑ ሲያብራሩ፣ ችግሩ ጨርሶ እንዲወገድ ሳይሆን ሰዎቹ ሊረዷቸው በሚችሉበት ልክ እንዲቀልላቸው ጠየቁ ይላሉ። የፈለጉት የንግግር ጌጥ አልነበረም፤ መልእክቱ እንዲደርስ ነበር።

ታዲያ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሙሳ አንደበት የተሳለቀ ሰው ማን ነበር? ሱረቱ አዝ-ዙኽሩፍ (43፡52) ይነግረናል። ፊርዐውን ነው። የምስርን ንግሥናውንና ከሥሩ የሚፈሱትን ወንዞች ከቆጠረ በኋላ፣ አንጥሮ መናገር እንኳ ከማይሆንለት ከዚህ ሰው እኔ አልበልጥምን ሲል ሕዝቡን ጠየቀ። ለመልእክቱ መልስ ሲያጣ ወደ መልእክተኛው ምላስ ዞረ። በሌላ በኩል ሃሩን አሉ። ሙሳ ራሳቸው በሱረቱ አል-ቀሰስ (28፡34) ወንድሜ ከእኔ ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ነው ብለው መስክረውላቸዋል። ሃሩን ግን በዚህ ብልጫቸው ወንድማቸውን ገፍተው ቦታውን አልያዙም። አጠገባቸው ቆሙ። ተውራት የወረደውም ለሙሳ ነው። አላህ በቀጥታ ያነጋገራቸው፣ «ከሊሙላህ» የሚለውን ስም ያገኙትም ምላሳቸው የተቋጠረው ነቢይ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆን መስፈሪያ እናገኛለን። የሚንተባተብ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ ሁለት ወንበር አለ፤ አንዱ የፊርዐውን ነው፣ ሌላው የሃሩን።

ሁለት ምንዳ፣ አንድ የተሳሳተ ወሬ

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ቁርኣን የሚማሩት ሁሉ ምላሳቸው የቀለለላቸው አልነበሩም። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ቁርኣንን ተክኖ የሚቀራ ከተከበሩት መላእክት ጋር እንደሚሆን፣ እየከበደውና እየተደናቀፈ የሚቀራው ደግሞ ሁለት ምንዳ እንዳለው ተነግሯል። ለመደናቀፉ የገባው የዐረብኛ ቃል «የተተዕተዑ» የሚል ነው፤ ድምፁ ራሱ የሚንተባተብ ይመስላል። ሊቃውንቱ አንዱ ምንዳ ለመቅራቱ፣ ሌላው ለልፋቱ ነው ብለው ተርጉመውታል። አስተውሉ፤ ጎበዙ ቃሪእ ደረጃው አልተነካም፣ የሚደናቀፈውም አልተባረረም። ሁለቱም በአንድ ሐዲስ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

እዚህ ላይ እኛን ሐበሾችን የሚመለከት አንድ ወሬ ማንሳት ግድ ይላል። ቢላል (ረ.ዐ.) በአዛን ላይ «ሺን» የምትለውን ፊደል «ሲን» ይሏት ነበር፣ አላህ ግን የቢላልን ሲን እንደ ሺን ይቀበላት ነበር የሚል ወግ በብዙ አገር ይነገራል። ወጉ ደስ ይላል፤ እኛም ለልጆቻችን ማጽናኛ ብለን እንነግረዋለን። ነገር ግን እንደ አል-ሚዚና ኢብኑ ከሲር ያሉ ታላላቅ የሐዲስ ሊቃውንት መሠረት እንደሌለው ተናግረዋል። በሐዲስ የተረጋገጠው ተቃራኒው ነው። አዛንን በሕልማቸው ያዩት ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምሩ የታዘዙት የቢላል ድምፅ ያማረና ርቆ የሚሰማ ስለ ነበረ ነው። ልጆቻችንን ለማጽናናት መሠረት የሌለው ወግ አያስፈልገንም። እውነተኛው ታሪክ ይበቃናል።

ሚንበር ላይ የተያዙት ኸሊፋ

የመናገር ፍርሃት የሚንተባተቡ ሰዎች ብቻ አይደለም። ምላሱ የተፈታ ሰውም በሕዝብ ፊት ሲቆም ቃል ሊጠፋው ይችላል። ዐረቦች ይህን «ኢርታጅ» ይሉታል፤ በሩ ተዘጋበት እንደ ማለት ነው። በፊቅህና በአደብ ኪታቦች የታወቀ አንድ ዘገባ እንደሚለው፣ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) እ.ኤ.አ. በ644 ገደማ ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ለመጀመሪያው ኹጥባ ሚንበር ላይ ወጡ። አላህን አመሰገኑና ቃል ጠፋቸው። ከዚያም አቡበክርና ዑመር ለዚህ ቦታ ንግግር ያዘጋጁ እንደ ነበር፣ ሕዝቡ ግን ከተናጋሪ መሪ ይልቅ የሚሠራ መሪ እንደሚያስፈልገው ተናግረው ወረዱና አሰገዱ።

የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ይህን ዘገባ ስለ ኹጥባ ማነስ ሲወያዩ ጠቅሰውታል። ሰነዱን ተከታትለው የመረመሩት ደግሞ ከእኛው አቅራቢያ፣ ከዘይላ ስማቸውን ያገኙት ኢማም ጀማሉዲን አዝ-ዘይለዒ (ሞት 762 ዓ.ሒ.) ናቸው። በኪታቦች የታወቀ ቢሆንም የተያያዘ ሰነድ እንዳላገኙለት በሐቅ ጽፈዋል። ስለዚህ እኛም እንደ ዘገባ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አንይዘውም። ይሁንና አንድ ነገር ልብ በሉ። ሊቃውንቱ ይህን ወሬ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲቀባበሉት የዑስማን ክብር ይቀንሳል ብለው አልፈሩም። የቁርኣንን ሙስሐፍ አስገልብጠው ወደየአገሩ የላኩት እኚሁ ሰው ናቸውና ሚንበር ላይ ቃል መጥፋት ሰውን የሚያሳንስ ነገር ሆኖ አልታያቸውም።

መደበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ

በሁለተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን በበስራ ዋሲል ኢብኑ ዐጣእ (ሞት 131 ዓ.ሒ.) የሚባል ሰው ነበር። የሙዕተዚላ ቡድን መሥራች በመሆኑ በዐቂዳው ከአህሉ ሱንና የተለየ ቢሆንም፣ ታሪኩ ለርእሳችን ይጠቅማል። ዋሲል ተብታባ ሳይሆን ኮልታፋ ነበር፤ «ረ» የምትለውን ፊደል መጥራት አይችልም። ከሚናገረው ሁሉ «ረ» ያለበትን ቃል እያወጣ ሌላ ይተካ ነበር። በኢራቅ ገዥ ፊትም አንዲት «ረ» የሌለባት ረጅም ኹጥባ አድርጎ ሰው ሁሉ ተደነቀ።

ሰዎች ይህን ታሪክ ለጉብዝናው ሲሉ ይተርኩታል። ግን እስቲ ከውስጥ ሆነን እንየው። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ፊደሉን እያሰላ፣ የተከለከለውን እየሸሸ፣ ሌላ እየፈለገ መኖር ምን ያህል ያደክማል? ዛሬም የሚንተባተቡ ብዙ ሰዎች የሚኖሩት እንዲህ ነው። ማንጎ የተላከ ልጅ «ማ» አልወጣ ስትለው ፓፓያ ገዝቶ ይመለሳል። «ማንጎ ነበር እኮ ያልኩህ» ሲባል «ረሳሁት» ይላል። ዘንጊ መባልን ተብታባ ከመባል መርጦ ነው። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን አያወጣም። አስተማሪው ሰነፍ ነው ብሎ ይጽፈዋል። ያቃተው ግን ትምህርቱ ሳይሆን ድምፅ ማውጣቱ ብቻ ነው።

የበስራው ታላቅ ጸሐፊ አል-ጃሒዝ (ሞት 255 ዓ.ሒ.) ስለ አንደበት በጻፈው «አል-በያን ወት-ተብዪን» በተባለው መጽሐፉ የንግግር እክሎችን አንድ በአንድ ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል። «ታ» ላይ የሚመላለሰው «ተምታም» ነው፤ «ፋ» ላይ የሚመላለሰው «ፈእፋእ» ነው። ሌሎችንም ዘርዝሯል። ንግግርን ያን ያህል የሚወድ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት ከመንተባተብና ቃል ከማጣት ብቻ ሳይሆን ከምላስ ስለትና ከልክ ካለፈ ልፍለፋም በአላህ ይጠበቃል። ፈጣን ምላስም ሕመም ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሐኪሙ ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. 980-1037) ደግሞ በ«አል-ቃኑን» የንግግር መታወክ መነሻው በአንጎል፣ ወደ ምላስ በሚመጣው ነርቭ ወይም በራሱ በምላስ ጡንቻ ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። እርግማን ነው አላለም። መመርመር ያለበት የአካል ጉዳይ አድርጎ አየው።

የፊቅህ ሊቃውንትም ተምታምንና ፈእፋእን በስማቸው እያነሱ ሕግ አስቀምጠዋል። በሻፊዒም በሐንበሊም ኪታቦች እንደ ሰፈረው፣ ከእነርሱ የተሻለ ቃሪእ ካለ እርሱ ቢያሰግድ ይመረጣል፤ ፊደል እየደጋገመ የሚያሰግድ ሰውን ተከትሎ የተሰገደ ሰላት ግን ትክክል ነው። ፊደሉ ተደገመ እንጂ አልጎደለምና።

በቢላዋ የተፈተነ፣ በቃል የተጎዳ

የሌላውም ዓለም ታሪክ ለእኛ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ1841 በበርሊን ዲፈንባኽ የሚባል ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም መንተባተብን ለማዳን የሰዎችን ምላስ ከሥሩ መቁረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ማደንዘዣ አልነበረም። ዘዴው ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተና ሥቃይን እንጂ ፈውስን ሳያመጣ ቀረ። ችግሩ ምላስ ላይ ስለሚታይ ምላስ ጥፋተኛ ተደረገ።

ሁለተኛው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የተፈጸመ ነው። ራሱ ይንተባተብ በነበረው በዌንደል ጆንሰን መሪነት 22 የሙት ልጆች በጥናት ውስጥ ገቡ። ከእነርሱ መካከል ንግግራቸው ደህና ለነበረ ስድስት ልጆች «እየተንተባተባችሁ ነው፣ ተጠንቀቁ» ተባሉ። ልጆቹ ድምፃቸውን መቀነስ፣ ማፈር፣ ለመናገር እምቢ ማለት ጀመሩ። አንዳንዶቹ ጉዳቱን እስከ እርጅናቸው ተሸከሙት። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አላህ የቲምን እንዳንጨቁን አዞናል፤ በቢላዋ ብቻ ሳይሆን በቃልም መጨቆን እንዳለ ይህ ታሪክ ያሳያል።

ዛሬ ስለ መንተባተብ የሚታወቀው ከያኔው የተሻለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ ያልፉበታል፤ አብዛኞቹም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ካደጉት መካከል በወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስትና አራት እጥፍ ይበዛል። በዘር ይወረሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ ጥናት በፓኪስታን ካሉ ትልልቅ ቤተ ሰቦች ተነስቶ ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ ጂኖችን አግኝቷል። በአንጎል ውስጥ ንግግርን የሚያቀናጁ መስመሮች አሠራር ላይ ያለ ልዩነት እንጂ የአእምሮ ማነስ አይደለም። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም። በቤት ጋሞኛ ወይም ስልጥኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ መስማትም አያመጣውም። ስለዚህ እናቶች «ምን አጥፍቼ ነው?» እያላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

አንድ የሚገርም ነገርም አለ። ብዙዎቹ የሚንተባተቡ ሰዎች በዜማ ሲያዜሙ ወይም ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነቡ አይያዙም። «ወራጅ አለ» ማለት ያቃተው ያ ልጅ፣ መድረሳ ገብቶ ከጓደኞቹ ጋር በተጅዊድ ሲቀራ ድምፁ እንደ ውሃ ሊፈስ ይችላል። ይህን ያየ ሰው «ሲፈልግ ይችላል እኮ፤ አውቆ ነው» ይላል። አውቆ አይደለም። ጓደኞቹ ድምፃቸውን ሲያበድሩት ሸክሙ ስለሚቀልለት ነው።

የዱቡሻው ጆሮ

ወደ ጋሞ ምድር እንመለስ። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ፣ በጨንቻ፣ በዶርዜ፣ በዶኮ፣ በኦቾሎ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ጉዳዩን የሚነጋገርበት «ዱቡሻ» የሚባል አደባባይ አለው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ የሸንጎ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 መጽሐፍ አሳትሟል። በዱቡሻ ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል። ከዚያ ተናጋሪው ይነሳል፤ የቀረው ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርሰው ሌላው ይነሳል። መግባባት ላይ እስኪደረስ ቀናት ቢፈጅም ይፈጃል። ዱቡሻ እንከን የለበትም አንልም፤ ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን እኩል ቦታ ሳያገኙበት ኖረዋል። ሰው ጆሮ የሚሰጠው ለማን እንደ ሆነ የሚመርጠው ራሱ ሰው መሆኑን ይህም ያስረዳል። ነገር ግን ለተናጋሪ ተራውንና ጊዜውን የመስጠት ልማዱ ትልቅ ሀብት ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ይህ ሀብት ለአገር ሁሉ ታየ። በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ጥቃት ደርሶባቸው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ። በከተማው የሚኖሩ ንጹሐን ሰዎች ንብረት ላይ በቀል ሊፈጸም ተቃረበ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ያቆመው የንግግር ብዛት አልነበረም። ነጭ ፀጉር መሬት ላይ ሲንበረከክ፣ እርጥብ ሣር ሲዘረጋ፣ ወጣቱ ተመለሰ። ደጃዝማችነት በንግግር ይገኝ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን ከተማዋን ያዳነው መንበርከክ ነው።

ከዚህስ በኋላ?

ውድ ወላጆች፣ ታሪኩን ሁሉ የተረክነው ለማዕዳችን ነው። ልጃችሁ ሲያዝ ቃሉን አትጨርሱለት። ቸኩላችሁ ብታግዙትም «አንተን የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም» ማለት ይሆንበታል። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አትበሉት፤ ይልቁንስ እናንተ ራሳችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ዓይኑን እያያችሁ ጠብቁት፤ ሲጨርስም ስለ አነጋገሩ ሳይሆን ስለ ተናገረው ነገር መልሱለት። በማዕድ ዙሪያ ተራ ይኑር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ። ወንድሞቹና እህቶቹ ሲያሾፉ ዝም አትበሉ። አስደንግጦ ለማዳን አትሞክሩ። መንተባተቡ ወራት ካለፈው፣ ልጁም ለመናገር መታገልና መሸሽ ከጀመረ፣ ሐኪም አማክሩ። በአገራችን የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ቢሆኑም ምክራቸው ይጠቅማል።

የመድረሳ ኡስታዞችም፣ መጀመሪያ ከእርሱ ጋር አብራችሁ ቅሩ፤ ከዚያ ድምፃችሁን ቀስ በቀስ ቀንሳችሁ ብቻውን ተዉት። በሕዝብ ፊት ይቅራ ወይስ ለእናንተ ብቻ ይቅራ ብላችሁ እርሱን ጠይቁት። ከሚችለው አትከልክሉት፤ ከማይፈልገውም አታስገድዱት።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ምላሳችሁ የተያዘባችሁ፦ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ፊርዐውን ፊት ለመቆም ምላሳቸው እንደ ሃሩን እስኪሆን አልጠበቁም። ልመናቸው የቀረበው በመንገድ ላይ ሆነው ነው፤ ከዚያም ሄዱ። «እንተባተባለሁ፤ ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ አስቀድሞ መናገር ብዙ ሸክም ያቀልላል። የምትደብቁት ነገር ሳይኖር ስትቀር ዋሲል በየቃሉ የከፈለውን ዋጋ አትከፍሉም።

ያ ልጅ ነገ እንደገና ባጃጅ ይሳፈራል። «ወ...ወ...» ሲል አጠገቡ ከተቀመጥነው መካከል አንዳችን መሳቅ እንችላለን። አንዳችን ደግሞ ሹፌሩን «አንዴ ቆይ፣ ወንድማችን እየተናገረ ነው» ማለት እንችላለን። ሁለቱ ወንበሮች እዚያችው ጠባብ ባጃጅ ውስጥም አሉ።

አላህ (ሱ.ወ.) የልጆቻችንን ደረት ያስፋልን፤ የእኛንም ጆሮ ይክፈትልን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።